ፍች ስላላቸው ጥያቄዎች ታሪክ፤ ከባሕረ ሐሳብ እስከ ሂልየም አቶም

ፒያሳ ተብሎ የሚጠራው የጎንደር መኻል ከተማ ከፋሲል ግቢ አጠገብ የሚገኝ ሲሆን፥ ብዙዎቹ ሕንጻዎቹ በጠላት ወረራ ዘመን፥ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ፥ በጣልያኖች የተሠሩ መሆናቸው የታወቀ ነው። ይህም ጽሑፍ የተጀመረው በዚሁ ሰፈር ባለ አንድ ቡና ቤት ውስጥ በተነሣ ክርክር ነው። የኳንተም ሜካኒክስ ትምህርት ስንከታተል መምህራችን አብዛኛውን የትምህርት ጊዜ ያዋሉት በጥቂት ጥያቄዎች ላይ ብቻ ነበር፤ እነዚህም በሁለት ግድግዳ መካከል የተዘጋ ቅንጣት፥ በሞላ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ሆኖ የሚወዛወዝ ቅንጣትና የሃይድሮጅን አቶም ናቸው። ከመካከላችን አንዱ፥ «እነዚህ የተመረጡት ስለሚፈቱ ነው እንጂ ዓለም እንዲህ ስለ ሆነች አይደለም፤ ቁልፉ የጠፋው ጨለማ ውስጥ ሳለ፥ ብርሃን ካለበት ቦታ እንደ መፈለግ ነው» አለ። ሌላው ደግሞ፥ «እንደዚያ ከሆነ ባሕረ ሐሳብንም ጣለው፤ እሱም ስለሚፈታ ነው እስከ ዛሬ የኖረው» ብሎ መለሰለት። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ሞቆ ቡናው ቀዘቀዘ።

እኛ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ሦስት ተማሪዎች ሁላችንም ከሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጣን ነን። እዚያም ሎጋሪዝምን፥ የሦስት ማዕዘን ሒሳብንና ጥቂት ካልኩለስን ተምረናል። ነገር ግን በአያቶቻችን ቤት ማንኛውም ደብተራ በጣቱ አንጓ የሚሠራውን የባሕረ ሐሳብን ሒሳብ ከሦስታችን አንድም የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ በማናውቀው ነገር ላይ መከራከር ነውር መስሎ ስለ ታየን አስቀድመን ልንማረው ወሰንን።

ወደ ጉዳዩ ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ በዚህ ጽሑፍ «ፍች ያለው ጥያቄ» የምንለው መልሱ በወረቀትና በእርሳስ፥ ምንም ሳይገመትና ሳይጣል፥ እስከ መጨረሻው ተሠርቶ የሚወጣለትን ነው። ሁለተኛ፥ ስለ ውጭ አገር ሊቃውንት ስንጽፍ ዘመኑን በአውሮፓ አቆጣጠር፥ ስለ አገራችን ስንጽፍ «ዓ.ም.» እያልን በራሳችን አቆጣጠር እንሰጣለን፤ ሁለቱ በተደባለቁበት ቦታ እናመለክታለን።

ያስተማሩን የኔታ ስማቸው በጽሑፍ እንዳይገባ ስላሳሰቡን አንጠራቸውም። ከከተማው አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ቅጥር ውስጥ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው። የነገሩን አካሄድ በ2017 ዓ.ም. ምሳሌነት እንደሚከተለው አሳዩን። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለም 7517 ይሆናል። ይህን ለ19 ስንገድፈው 12 ይተርፋል፤ ከዚህም ላይ «አንዱን ለዘመኑ» ብለን ስናነሣ 11 ይቀራል፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 121፥ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1 ነው። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ 209፥ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ይሆናሉ፤ ካልሆኑ ሒሳቡ ተሳስቷል። 11 የተባለውም ቁጥር ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን፥ የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ስለ ሆነ፥ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

መጥቅዑ ከ14 ስለ በለጠ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 29 ቀን ይውላል። ይህ ቀን በ2017 ዓ.ም. ረቡዕ ነበር፤ የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው። 29ና 4 ሲደመሩ 33፥ በ30 ሲገደፍ 3 ይሆናል፤ መባጃ ሐመር የሚባለው ይህ ነው። እዚህ ላይ እኛ ተሳሳትን። መጥቅዕ በመስከረም ሲውል ነነዌ በጥር ትገባለች የሚለውን ብቻ ይዘን፥ «ነነዌ ጥር 3 ቀን ትገባለች» ብለን በኩራት ሰሌዳው ላይ ጻፍን። የኔታ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «ጥር 3 ምን ቀን ነው?» ብለው ጠየቁን። ቆጠርነው፤ ቅዳሜ ሆነ። «እናንተ ልጆች፥ ነነዌ ቅዳሜ ስትገባ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አሉን። ድምሩ ከ30 ሲያልፍ ወሩ አንድ ይገፋል፤ ስለዚህ ነነዌ የካቲት 3 ቀን ሰኞ ናት፤ ከዚያ 14 ቀን ተቆጥሮ ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ቀን፥ 69 ቀን ተቆጥሮ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን እሑድ ይሆናል። እንደዚሁም ሆኖ ውሏል። እኛ በዩኒቨርሲቲ የመልስን ትክክለኛነት መመርመሪያ ብለን የተማርነውን ነገር፥ የኔታ በአንድ ጥያቄ ሠሩት።

ከዚህ በኋላ ወደ ክርክራችን ተመለስን። በሒሳቡ መሠረት ፋሲካ የሚከተላት የጨረቃ 14ኛ ሌሊት በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ 9 ቀን ሐሙስ ላይ ትውላለች። እኛ ግን በዚያው ወር ከፒያሳ ሆነን ሰማዩን ስንመለከት፥ ጨረቃ ሙሉ ሆና ያየናት ሚያዝያ 4 ቀን ቅዳሜ ማታ ነው፤ በትክክልም የሞላችው ከዚያው ሌሊት ከ9 ሰዓት በኋላ ነበር። ሚያዝያ 9 ቀን ማታማ ዘግይታ ወጣች፤ አንድ ጎኗም ጎድሏል። በሚቆጠረውና በሚታየው መካከል አራት ቀን ያህል ልዩነት አለ ማለት ነው።

ይህ ልዩነት ከየት መጣ? የባሕረ ሐሳብ መሠረት 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር እኩል ነው የሚለው ነው። ይህን ዑደት በአቴና ሜቶን የተባለው ሊቅ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 ዓመት እንዳወጀው ይነገራል፤ የእስክንድርያ ሊቃውንት ለፋሲካ አዋሉት፤ በእኛ ዘንድ ድርሰቱ ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጣል። አሁን እንቁጠረው። 19 ዓመት፥ ዓመቱ 365 ቀን ከሩብ ሲሆን፥ 6939.75 ቀን ነው። የጨረቃ ወር በአማካይ 29.5306 ቀን ስለ ሆነ 235 ወር 6939.69 ቀን ይሆናል። ልዩነቱ በ19 ዓመት ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ በቅጡ አይሞላም። በ7ኛው ወይም በ8ኛው ትውልድ ያለ ሰው ካልሆነ በቀር ማንም አያየውም። ነገር ግን በ310 ዓመት ግድም አንድ ቀን ይሆናል፤ ተጠራቅሞም ዛሬ ካለበት ደርሷል። የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1582 ባወጁት አቆጣጠር ይህን የጨረቃ ስሕተት ከፀሐዩ ስሕተት ጋር አብረው አርመዋል፤ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ግን በጥንቱ ጸኑ።

ነገሩን ለየኔታ በፍርሃት አቀረብንላቸው። ይቆጣሉ ብለን ስንጠብቅ፥ «እኛ የምንቆጥራት ጨረቃ ናት እንጂ የምናያት አይደለችም። የምናያትማ ደመና ይጋርዳታል፤ የላስታ ሰውና የጎንደር ሰው ባንድ ቀን እንዲጾም ደመና የማይጋርዳት ጨረቃ ታስፈልጋለች» አሉን። እኛ ይህን ንግግር ስለ ሞዴል ምንነት በመጻሕፍት ካነበብነው ሁሉ የሚሻል ሆኖ አግኝተነዋል። ባሕረ ሐሳብ በእውነተኛይቱ ጨረቃ ቦታ ሌላ፥ እኩል የምትራመድ፥ በማካፈልና በመገደፍ ብቻ የምትፈታ ጨረቃ ተክቷል። ተማሪው በቃሉ ሊይዛትና በጣቱ ሊቆጥራት ይችላል። የተከፈለው ዋጋ ደግሞ አራት ቀን ነው።

እውነተኛይቱ ጨረቃ ግን አትፈታም። ኒውተን በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ ምድርና ፀሐይን ብቻ፥ ማለት ሁለት አካላትን ብቻ የወሰደውን ጥያቄ ጨርሶ ፈታው። ጨረቃ ስትጨመር አካላቱ ሦስት ይሆናሉ፤ ነገሩም ይበላሻል። ጨረቃ ከምድር እጅግ የምትርቅበት ቦታ ራሱ ቀስ እያለ በ9 ዓመት ግድም አንድ ዙር ይዞራል፤ የኒውተን ሒሳብ ግን ያወጣው የዚህን ፍጥነት ግማሽ ብቻ ነበር። ከ60 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ በ1749 ፈረንሳዊው ክሌሮ፥ ስሕተቱ በስበት ሕግ ላይ ሳይሆን ሒሳቡ ከመጀመሪያው እርምጃ ላይ ስለ ቆመ መሆኑን፥ ሁለተኛው እርምጃ ሲሠራ ግን የጎደለው ግማሽ እንደሚገኝ አሳየ። ደሎኔ የተባለው ሌላው ፈረንሳዊ ይህንኑ እርምጃ በእርምጃ የሚሠራ ዘዴ ይዞ 20 ዓመት ደከመበትና በ1860ና በ1867 ሁለት ታላላቅ ቅጾች አሳተመ። ፑዋንካሬም በ1890 የሦስት አካላት ጥያቄ በጠቅላላው በዚህ ዓይነት መንገድ ተጨርሶ ሊፈታ እንደማይችል ሲያስረዳ፥ ነገሩ የድካም ማነስ አለመሆኑ ታወቀ።

አንባቢ «ይህ ሁሉ ስለ ጨረቃ ነው፤ ኳንተም ሜካኒክስ የት አለ?» ሊል ይችላል። እነሆ እዚህ ነው። ደሎኔ ለጨረቃ ያዘጋጃቸው የሒሳብ መሣሪያዎች ከ1916 ጀምሮ በቀጥታ ወደ አቶም ተወሰዱ፤ ማክስ ቦርንም በ1925 ያሳተመውን መጽሐፍ «የአቶም ሜካኒክስ» ብሎ የሰየመው «የሰማይ ሜካኒክስ» ከሚለው አጠራር ወስዶ ነው። ሃይድሮጅን አንድ እምብርትና አንድ ኤሌክትሮን ስላለው እንደ ፀሐይና ምድር ሁለት አካላት ነው፤ ሂልየም ግን አንድ እምብርትና ሁለት ኤሌክትሮን ስላለው እንደ ጨረቃ ጥያቄ ሦስት አካላት ነው። የቦር ሞዴል በ1913 ሃይድሮጅንን ሲያስረዳ ዓለምን አስደነቀ፤ በሂልየም ላይ ግን እስከ 1923 ድረስ የተሞከረው ሁሉ ከሸፈ። የድሮው ኳንተም ትምህርት የወደቀው በቀላሉ ጥያቄ ላይ ሳይሆን፥ ከቀላሉ ቀጥሎ ባለው ላይ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሃይዘንበርግ በ1925 አዲሱን መንገድ ካገኘ በኋላ፥ ፓውሊ በጥር 1926 የሃይድሮጅንን ኢነርጂ በንጹሕ አልጀብራ አወጣው። ይህን ያደረገውም ለፕላኔቶች እንቅስቃሴ ከጥንት ጀምሮ የታወቀውን፥ የማይለወጥ አንድ ተጨማሪ ቬክተር ተጠቅሞ ነው። በዚያው ወር ሽሮዲንገር በዙሪክ ሆኖ በሞገድ እኩልታው ያንኑ መልስ አገኘ፤ እኩልታውን ለመፍታት የሒሳብ ሊቁ ሄርማን ቫይል ረድቶታል። በሁለቱም መንገድ የደረጃዎቹ ኢነርጂ 13.6 ኤሌክትሮን ቮልት በደረጃው ቁጥር ካሬ ተካፍሎ፥ ምልክቱ አሉታዊ ሆኖ ይገኛል። በግድግዳ የተዘጋው ቅንጣት ደግሞ ከዚህም ይቀላል፤ ሞገዱ በሁለቱም ጫፍ ዜሮ መሆን ስላለበት በመካከሉ የሚበቃው እንደ ክራር ክር የግማሽ ሞገዶች ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው። ሆኖም ምሳሌውን እስከ መጨረሻው መግፋት አይገባም፤ የክራሩ ድምፆች እንደ 1፥ 2፥ 3፥ 4 ሲወጡ፥ የቅንጣቱ ኢነርጂ እንደ 1፥ 4፥ 9፥ 16 ይወጣል።

ወደ ሂልየም እንመለስ፤ ነገሩ የሚፈተነው እዚያ ነውና። ሁለቱን ኤሌክትሮኖች ከሂልየም ለመንቀል የሚያስፈልገው ኢነርጂ በላቦራቶሪ ሲለካ 79.0 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ሁለቱ ኤሌክትሮኖች አንዱ ሌላውን እንደማይገፋ ብንቆጥር ጥያቄው ወደ ሁለት የሃይድሮጅን ዓይነት ጥያቄዎች ይለወጥና ፍች ያገኛል፤ መልሱ ግን 108.8 ነው፤ ይህ አሳፋሪ ነው። የመግፋቱን ነገር እንደ ክሌሮ በመጀመሪያው እርምጃ ብቻ ስንጨምር 74.8 ይሆናል። አንደኛው ኤሌክትሮን ሌላውን ከእምብርቱ በጥቂቱ ይጋርደዋል ብለን የእምብርቱን ኃይል ከ2 ወደ 1.69 ዝቅ ስናደርግ 77.5 ይደርሳል። ኖርዌያዊው ሂለሮስ በ1926 ወደ ጌቲንገን ሄዶ፥ ጥያቄውን ከቦርን ተቀብሎ፥ የሒሳብ መኪና እየተጠቀመ ደከመበት። ቍልፉን ያገኘው በሁለቱ ኤሌክትሮኖች መካከል ያለውን ርቀት ራሱን በሒሳቡ ውስጥ ባስገባ ጊዜ ነው፤ በ1929ም ከተለካው ጋር የሚስማማ መልስ አወጣ። አዲሱ ኳንተም ሜካኒክስ ከሁለት አካላት ባሻገርም እውነት መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። ጓደኛችን በቡና ቤት «ብርሃን ካለበት ቦታ መፈለግ» ያለው ነገር እዚህ ላይ መልስ ያገኛል ብለን እናምናለን። 108.8 ራሱ ስሕተት ነው፤ ነገር ግን ከእሱ ሳይነሣ ወደ 79.0 የደረሰ የለም።

በዚሁ በጌቲንገን፥ በዚያው ዓመታት፥ ለእኛ ለጎንደር ተማሪዎች እንግዳ ያልሆነ ሌላ ሰው ነበር። ኩራንትና ሂልበርት «የሒሳባዊ ፊዚክስ ዘዴዎች» የተባለውን መጽሐፍ የመጀመሪያ ቅጽ በ1924 አሳትመዋል፤ የኳንተም ሊቃውንት ከአንድና ሁለት ዓመት በኋላ የፈለጉት ሒሳብ ብዙው እዚያ ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው። የኩራንት ረዳት ከነበሩት አንዱ ኦቶ ኖይገባወር ይባላል። ኖይገባወር በ1933 ለናዚ መንግሥት የታማኝነት ቃል አልፈርምም ብሎ፥ በኋላ ወደ ኮፐንሃገን፥ በ1939 ወደ አሜሪካ ሄደ። የባቢሎንንና የግሪክን ሥነ ፈለክ ሲመረምር ኖሮ በሽምግልናው ወደ ግዕዝ ብራናዎች ተመለሰና፥ በ1979 ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና የዘመን ሒሳብ የጻፈውን መጽሐፍ በቪየና አሳተመ። የእኛ ባሕረ ሐሳብ የጥንታዊቱን የእስክንድርያ ዘዴ ጠብቆ እንዳቆየ ያሳየው እሱ ነው። እኛ የሁለቱን ዕውቀቶች ዝምድና ፈልገን በግድ ያገናኘናቸው መስሎን ነበር፤ አንድ ሰው አስቀድሞ በሁለቱም ደጅ ማለፉን ስናይ ተደነቅን።

በአገራችን ደግሞ ፍች ስላላቸው ሞዴሎች ሲነሣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ዶክተር ሙሉጌታ በቀለ ሊታለፉ አይችሉም። በደርግ ዘመን ታስረው ዓመታት በወህኒ ባሳለፉ ጊዜ አብረዋቸው ለታሰሩት ሰዎች ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። በኋላም በሕንድ አገር በባንጋሎር የዶክትሬት ትምህርታቸውን ፈጽመው ተመለሱ፤ በ2012 በአውሮፓ አቆጣጠር የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር የአንድሬ ሳኻሮቭን ሽልማት ከሪቻርድ ጋርዊን ጋር ሰጥቷቸዋል። ከተማሪያቸው ከመስፍን አስፋው ጋር በ2004 በአውሮፓ የፊዚክስ መጽሔት ያወጡት ጽሑፍ በውሃ ውስጥ እንዳለ ብናኝ ያለ ዕረፍት ስለሚንቀጠቀጥ ቅንጣት ነው። እንዲህ ያለው ቅንጣት የሚመራበት እኩልታ በጥቂት የተለዋዋጭ ለውጥ የሽሮዲንገርን እኩልታ መልክ ስለሚይዝ፥ ከኳንተም ጋር ያለው ዝምድና የቅርብ ነው።

ሐሳቡ፥ መሠረቱን ቢውቲከር በ1987ና ላንዳወር በ1988 የጣሉት፥ እንዲህ ነው። እንደ መጋዝ ጥርስ የሆኑ ዳገትና ቍልቍለት ይኖራሉ፤ ዳገቱ ሞቃት፥ ቍልቍለቱ ቀዝቃዛ ነው። በሰሜን ጎንደር ከዛሪማ ቆላ በሊማሊሞ ወደ ደባርቅ የወጣ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል፤ ልዩነቱ ደባርቅ ከደረሱ በኋላ ቍልቍለት አለመኖሩ ብቻ ነው። በሞቃቱ በኩል ያለው ቅንጣት መንቀጥቀጡ ብርቱ ስለ ሆነ ዳገቱን ይወጣል፤ ጫፉን አልፎ በብርዱ በኩል ከወረደ ግን ተመልሶ ለመውጣት አቅም ያንሰዋል። ስለዚህ ማንም ሳይገፋው ወደ አንድ ወገን ይጓዛል፤ ሸክምም ሊጎትት ይችላል። ዶክተር ሙሉጌታና መስፍን የዚህን ትንሽ ሞተር ጉዞ፥ የሚሰጠውን ጉልበትና ብቃቱን ሁሉ በተዘጋ ቀመር ጽፈው አወጡት፤ እጅግ በዝግታ ሲሄድ ብቃቱ ካርኖ በ1824 ከወሰነው ጣሪያ ላይ ይደርሳል። መጽሔቱን ስናነብ ያስደሰተን ቀመሮቹ በእርሳስ ሊከተሏቸው የሚቻሉ መሆናቸው ነው፤ ሦስት ምሽት ወሰደብን፤ በሁለተኛው ምሽትም አንድ የመቀነስ ምልክት ጥለን ሞተራችን ወደ ኋላ ሄዶብን ነበር።

ይህን ጽሑፍ ጨርሰን ለየኔታ ካነበብንላቸው በኋላ፥ ስለ ሂልየሙ 108.8ና 79.0 ደጋግመው ጠየቁን፤ ስሕተቱ የታወቀ መሆኑ ወደዱት መሰለን። ከዚያ ግን ሰሌዳውን ጠረጉና፥ «ይልቅ የ2018ን አውጡልኝ» አሉን። ዓመተ ዓለሙ 7518፥ ወንበሩ 12፥ አበቅቴው 12፥ መጥቅዑ 18 ሆነ፤ ድምሩ 30 ነው። መስከረም 18 እሑድ፥ ተውሳኩ 7፥ መባጃ ሐመሩ 25። ከ30 ስላላለፈ ወሩ አይገፋም። ነነዌ ጥር 25 ቀን ብለን ጻፍንና፥ ሳይጠይቁን ቀኑን ቆጠርነው፤ ሰኞ ሆነ።